አንገተ ወፍራሙ ፓምፕ

ይህን ገጠመኝ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ የብስክሌት ፓምፕ ላይ ስለሆነ ነው። ጓደኞቼ ማታ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን ውስጥ ከጎርፍ ስለ መትረፍና ከአውሬ ስለ ማምለጥ ሲያወጉ እኔ ስለ ፓምፕ ልናገር ስል ምላሴ ይታሰራል። ሆኖም በቤታችን የሆነውን ሁሉ ወደ ኋላ ተከትዬ ስሄድ ሁልጊዜ የምደርሰው እዚያው ነው። ነቀምቴ ገበያ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ፣ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተጋደሙ ሁለት ፓምፖች ዘንድ። አንዱ ቀጭን ነበር፣ አንዱ ወፍራም።

አምና በዚህ ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባታችን የሞተው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ቤታችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ቶለራና እኔ ነን። ቶለራ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ዘግቶ ወፍጮ ቤት ገባ። «ከሁለታችን አንዳችን መድረስ አለብን ሌሊሴ። አንቺ ፈጣን ነሽ፣ አንቺ ቀጥዪ» አለኝ። ፈጣኑ ግን እሱ ነበር።

ወፍጮውን የተከለው ጣሊያናዊ መካኒክ አገሩ ሲገባ ለቶለራ አንድ የእሽቅድምድም ብስክሌት ትቶለት ሄዶ ነበር። ጎማው እንደ አውራ ጣት የቀጠነ ነው። የከተማው ልጆች «ክር ላይ የሚሄደው» እያሉ ይስቁበት ነበር። ቶለራ ግን ከሥራ ሲወጣ ፊቱን ከዱቄት ታጥቦ በዚያ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይህ ጎማ ልክ እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ ድንጋይ ይበላዋል» ይለኝ ነበር። በከተማ ውስጥ ሲሆን ጋራዥ ሄዶ በትልቁ የእግር ፓምፕ ይነፋዋል። መንገድ ላይ ቢተነፍስበት ግን ምንም መንፊያ አልነበረውም።

ከዚያ ለዘውድ በዓል ከአኖ እስከ ነቀምቴ የብስክሌት ውድድር እንደሚደረግ ተነገረ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አንድ ሻምበል ከሚያሸንፉት ውስጥ ለብስክሌት ቡድናቸው አንድ ልጅ መርጠው ይወስዳሉ ተባለ። መኝታ አለ፣ ምግብ አለ፣ ደመወዝ አለ። እኛ ግን ያሰብነው ስለ ደመወዙ አልነበረም። ቶለራ ከክረምቱ ጀምሮ ያስል ነበር። የሚሲዮን ሐኪም ቤት ሄዶ ሲመረመር «ዱቄቱ ሳንባህ ውስጥ ገብቷል፤ ከወፍጮ ቤቱ ካልወጣህ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንህም» ብለውት ነበር። ነቀምቴ ላይ ከወፍጮ ቤት ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ እናቴ የውድድሩን ወሬ ስትሰማ ተንበርክካ ጸለየች። ለእሷ ውድድር አልነበረም፣ የመውጫ በር ነበር።

የውድድሩ ሕግ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በብስክሌቱ ላይ የራሱን ፓምፕ ይያዝ የሚል ነበር። ቶለራ ቅዳሜ ቀን የኋላውን ጎማ ከነቸርኬው ነቅሎ በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ኦሮምኛውን ከእኛ እኩል ያቀላጥፉታል። ጎማውን ሲያዩ ሳቁ።

«ቶለራ፣ ወፍጮውን ነቅለህ መጣህ እንዴ?»

«ፓምፖቹን ልሞክር ብዬ ነው ጋሽ ከድር።»

«ሞክር፣ ሞክር። ሚስት ስትመርጥም እንዲሁ ጎማህን ይዘህ ሂድ።»

ሁለቱን ፓምፖች አወረዱለት። ቀጭኑ እንደ ዋሽንት ረዘም ያለ፣ ነጭ ብረት ነው። ወፍራሙ አጠር ያለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያምር የእንጨት እጀታ ያለው ነው። ቶለራ እንዳይቸኩል ራሱን እየገታ ሁለቱን አመዛዘነ። ክብደታቸውን በእጁ ለካ። አፋቸው ከጎማው ቫልቮላ ጋር ሲገጥም አየር ያስወጣ እንደሆነ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ሁለቱም ብስክሌቱ ላይ ካለው ማቀፊያ ጋር እንደሚገጥሙ አየ። ከዚያ በወፍራሙ ነፋ። ጎማው ወዲያው ተነሳ፣ በጣም ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን እጀታው አልወርድ አለ። ቶለራ በደረቱ ተጭኖ ሲለቀው እጀታው መልሶ ተስፈነጠረ። ጎማውን በጣቱ ተጫነው፣ ጎደጎደ።

አስተንፍሶ በቀጭኑ ደገመው። ቀጭኑ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ቶለራ አላበው። እጀታው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ እሺ ብሎ ይወርድ ነበር። በኋላ ጎማውን በጣቴ እንድነካው ሰጠኝ። ድንጋይ ሆኗል።

«ቀጭኑ ይዘገያል፣ ግን ይደርሳል» አለ ፈገግ ብሎ። ጋሽ ከድር በጋዜጣ ሊጠቀልሉለት ጀመሩ።

በዚህ መካከል ነው ኤሱማ ዲንሳ በሩን ጎንበስ ብለው የገቡት።

ኤሱማ ማለት በእኛ በኦሮሞዎች ዘንድ የእናት ወንድም ነው። የኤሱማ ምርቃት ይደርሳል፣ ቅሬታውም ይደርሳል ይባላል። እናቴ ከጸሎት ቤት የማትቀር ሴት ናት፤ ቢሆንም ወንድሟ ቅር ብሎት ከደጃችን እንዳይመለስ የምትጠነቀቀውን ያህል ለሌላ ነገር ስትጠነቀቅ አላየሁም። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደጉን ኤሱማ ዲንሳ ናቸው። የሚኖሩት ጉቶ ጊዳ ገጠር ውስጥ ሲሆን በሬ በመምረጥ ስማቸው የታወቀ ነው። ሰዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እሳቸውን ይለምናሉ። የበሬውን አንገት በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «ይህ ያርሳል»፣ «ይህ ይበላል እንጂ አያርስም» ይላሉ፣ ተሳስተውም አያውቁም። የዚያን ቀን ጊደር ሸጠው፣ ለቶለራ የውድድር ዕቃ እኔ ልግዛለት ብለው ነበር የመጡት።

«አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሰጡንና የተጠቀለለውን አስፈቱት። ቀጭኑን ፓምፕ በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ? ሸንበቆ?»

«ፓምፕ ነው ኤሱማ» አለ ቶለራ።

«ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ የነቀምቴን ዳገት በዚህ ልትወጣ ነው?» ወፍራሙን አነሱ። በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ዓይናቸው በራ። «አንገት ማለት እንዲህ ነው!» አንድ ጊዜ ገፉትና ነፋሱን በሌላው እጃቸው ላይ ተቀበሉት። ቀጭኑንም እንዲሁ ሞከሩት። «ስሙ እንግዲህ። ይሄኛው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል። ያኛው በጆሮ ያንሾካሹካል።»

«ኦቦ ዲንሳ፣ ልጁ እኮ ሁለቱንም ሞክሮ...» አሉ ጋሽ ከድር።

«ከድር፣ አንተ ጨውና ሻይ ቅጠል ታውቃለህ። አንገት ለእኔ ተወው።»

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጋሽ ከድርም ሳቁ። እኔ «ኤሱማ፣ ቀጭኑ ነው እኮ የሚያጠነክረው» ልል አፌን ስከፍት ቶለራ እጄን ያዝ አደረገኝ። ኤሱማ ዲንሳ ዋጋውን ከፍለው ወፍራሙን ፓምፕ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። ሊመርቁት ነበር።

«ዳገቱ ሜዳ ይሁንልህ።»

«ሀ ተኡ፣ ይሁን» አልን።

«ነፋሱ ከኋላህ ይሁን። የነፋኸው አይተንፍስብህ። ከፊትህ ያለው ይዘግይልህ፣ ከኋላህ ያለው አይድረስብህ።»

«ሀ ተኡ።»

ከዚያ ፓምፑ ላይ ቱፍ፣ ቱፍ አሉበትና ለቶለራ ሰጡት። ሽማግሌ ቱፍ ብሎ የመረቀው ነገር ወደ ሱቅ አይመለስም፣ በሌላም አይለወጥም። ይህን የሚነግረን ሰው አያስፈልገንም። ቶለራ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለና ጉልበታቸውን ሳመ።

«ገለቶማ ኤሱማ» ብሎ አመሰገነ። ድምፁ ልክ እንደ ወትሮው ነበር።

የውድድሩ ቀን ማለዳ ተወዳዳሪዎቹ ከነብስክሌታቸው በጭነት መኪና ተጭነው አኖ ደረሱ። እኔም አብሬ ሄድኩ። የእጅ ጽሑፏ ጥሩ ነው ተብዬ ውድድሩን የሚከተለው መኪና ላይ ሆኜ የሚያልፉትን ተወዳዳሪዎች እንድመዘግብ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር መርጠውኝ ነበር። በጣም ኮርቼ ነበር። የትምህርት ቤት ልብሴን ሌሊቱን ተኩሼዋለሁ።

ሻምበሉ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ተወዳዳሪዎቹን አሰልፈው ሕጉን ተናገሩ።

«ጎማ የተነፈሰበት በገዛ ዕቃው፣ በገዛ እጁ ይጠግናል። የሌላ ሰው እጅ የነካው ብስክሌት ከውድድሩ ውጪ ነው። ገባችሁ?»

«ገብቶናል!»

ከቶለራ አጠገብ የቆመው በቀለ የሚባል የመኪና ረዳት ነበር። የእሱ ብስክሌት ሰፊ ጎማ ያለው፣ ከባድ የዕቃ መጫኛ ነው።

«ቶለራ፣ ዛሬም ክርህን ይዘህ መጣህ? ቢበጠስ እኔ ልስፋልህ» አለው።

«ከደረስህብኝ ትሰፋልኛለህ» አለ ቶለራ። ሁለቱም ሳቁ።

ተለቀቁ። አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ያየሁትን ደስታ እንዳላስረዝመው እፈራለሁ፤ የነበረው ደስታ ይኸው ብቻ ነውና። ጎማው በጋራዡ ፓምፕ የተነፋ ስለሆነ ጠንክሮ ነበር። ቶለራ ጠጠሩ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ሌሎቹ እየራቁ፣ እየራቁ፣ አቧራ ውስጥ ገቡ። ሻምበሉ ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን መስኮት ከፍተው ወደ እኛ ወደ ላይ ጮኹ።

«አንቺ ልጅ! ያ የፊተኛው ማነው?»

«ወንድሜ ነው ጌታዬ!»

«ማን አሠለጠነው?»

«ማንም ጌታዬ። ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው።»

ሻምበሉ ሳቁ። «ከዱቄቱ እናወጣዋለን በያት እናትሽን!»

እንባዬ መጣ። መዝገቡ ላይ የቶለራን ቁጥር ጻፍኩ።

ሲሬን እንዳለፍን ቶለራ ድንገት እጁን አንስቶ ቆመ። የፈረስ ጫማ ሚስማር የኋላ ጎማው ውስጥ ገብቶ ነበር። መኪናው ራቅ ብሎ ቆመ። ቶለራ አልተረበሸም። ጎማውን ፈታ፣ የውስጡን ላስቲክ አወጣ፣ ቀዳዳውን አግኝቶ ማስቲሽ ቀባና ለጠፈ። እጁ እንዲህ ፈጣን መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀዩን ፓምፕ ከማቀፊያው አወጣ።

በመጀመሪያ ጎማው ወዲያው ተነሳ። ቀጥሎ እጀታው አልወርድ አለ። ቶለራ ተንበረከከ። ፓምፑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በደረቱ ተጫነው። እጀታው ትንሽ ወርዶ መልሶ ገፋው። እንደገና ተጫነው። እንደገና ገፋው። ሳሉ መጣበት፣ አንገቱን አዙሮ አስሎ ተመለሰ። የነፋኸው አይተንፍስብህ ተብሎ ተመርቋል፤ ግን መጀመሪያ መነፋት ነበረበት።

እኔ በቆምኩበት፣ እግሬ ሥር፣ የመኪናው ሠራተኞች የያዙት የእግር ፓምፕ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ቁርጭምጭሚቴን ይነካኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህን ብናቀብለውስ?» አልኩ።

«ካቀበልሽው ከውድድሩ ወጣ» አሉ ሻምበሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። እሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር የሚያዩት።

ቶለራ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ወደ መኪናው አየ። እኔን አላየም፣ የእግር ፓምፑን ነበር ያየው። ጎማውን በጣቱ ተጫነ። ጎደጎደ። እንደዚያው እንዳለ ተነሳና ጋለበ።

አሁን አይንሳፈፍም ነበር። በለሰለሰው ጎማ ላይ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ድንጋዮቹን እየመረጠ ይሄድ ነበር። ወደ ቁልቁለቱ ሲደርስ ግን ምርጫ አልነበረውም፤ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው። ጠንካራ ጎማ ቢሆን ይነጥር ነበር። የለሰለሰው ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ጮኸ። ከመኪናው ላይ ሆኜ ሰማሁት። ላስቲኩን ሲያወጣው እባብ የነደፈው ይመስል ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ነበረው።

እየለጠፈ ሳለ በቀለ በከባዱ ብስክሌቱ እያለከለከ ደረሰ። ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ቶለራን አየው። ይቀልድበታል ብዬ ነበር፣ አልቀለደም። «ወንድሜ...» አለና አለፈ። ሌሎቹም አለፉ። መኪናው የፊተኞቹን መከተል ስላለበት ተነሳ።

«ጌታዬ፣ እኔ ልውረድ!» አልኩ።

«መዝገቡን ማን ይይዛል?» አሉ ሻምበሉ። «ተቀመጪ።»

ቶለራ ፓምፑ ላይ እንደ ተደፋ አቧራው ሸፈነው። የሚወርድና የሚነሳ ጀርባውን ብቻ ነበር የማየው። ቀጥሎ እሱም ጠፋ።

ነቀምቴ ላይ በዘንባባ የተሠራ ቅስት ነበር። ሙዚቀኞች ነበሩ። በቀለ ቀድሞ ገባ፣ ሰውም ተሸክሞት ጨፈረ። እናቴ ከሴቶች ጋር ቆማ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ፊት ታይ ነበር። ኤሱማ ዲንሳ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ቅስቱ ሥር ነበሩ። በመጣ ሰው ሁሉ ጆሮ «የእኔ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ጠንካራ ፓምፕ ገዝቼለታለሁ እኮ፤ እኔው ነኝ የመረጥኩት» ይሉ ነበር። ለእናቴ ጎማ እንደ ተነፈሰበት ብቻ ነገርኳት። ስለ ሌላው መናገር አልቻልኩም።

ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ሰው ተበተነ። ሻምበሉ ግን አልሄዱም፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቶለራ በእግሩ መጣ። ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞታል። ከኋላው ጎማ ዙሪያ ሣር ወጥቷል። መለጠፊያው ሲያልቅበት በላስቲኩ ፋንታ ሣር ጠቅጥቆ ሊጋልብ ሞክሮ ነበር። የእጆቹ መዳፎች ተልጠው ደም ነበረባቸው። እናቴ አቀፈችው።

ሻምበሉ ተነስተው ወደ እሱ መጡ። ኤሱማ ዲንሳም ከጎኑ ቆመው ትከሻውን ይዘውት ነበር። ሻምበሉ በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ኤሱማ ዲንሳ በፍርድ ቤት ደጅ ብዙ ስለ ተመላለሱ አማርኛ ይሰማሉ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ሻምበሉ። «እስከ ሲሬ ድረስ የጋለብከውን በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የዕቃ ከሆነ ሕጉ አንድ ዕድል ይሰጥሃል። ነገ ጠዋት ብቻህን እፈትንሃለሁ፣ ጎማህንም በእኔ ፓምፕ እንነፋዋለን። ግን ዕቃዬ ነው ያሰናከለኝ ብለህ አንተው ራስህ እዚህ፣ በሰው ፊት መናገር አለብህ። እኔ በግምት አልችልም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀዩን ፓምፕ አዩ። «ይሄ ነው አይደል? ፓምፑ ነው ያሰናከለህ?»

ኤሱማ ዲንሳ የፓምፑ ነገር መነሳቱን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። በተሰባበረ አማርኛ፣ ደረታቸውን እየመቱ «እኔ ነው መረጠ! እኔ ነው መረቀ!» አሉ።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «አዎ» ቢል ከዱቄቱ ይወጣል።

«ሻምበል፣ ጌታዬ...» አልኩ እኔ።

«ሌሊሴ» አለ ቶለራ ሳያየኝ። «ለኤሱማ ወንበር አምጪላቸው። ቀኑን ሙሉ ቆመዋል።» ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞሮ «ፓምፑ ደህና ነው ጌታዬ። እግሬ ነው ያልቻለው» አለ።

ሻምበሉ ረጅም ጊዜ አዩት። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ ጌታዬ።»

ኤሱማ ዲንሳ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ኢልማ ኮ። እግር ይጠነክራል። ፓምፑስ አገለገለህ?»

«አዎ ኤሱማ። በደንብ አገለገለኝ።»

ወንበሩን ይዤ ስመለስ ሻምበሉ ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነበር።

ቶለራ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ገባ። ፓምፑን በደንብ ወልውሎ ለኤሱማ ዲንሳ መለሰላቸው፤ እሳቸውም ቤታቸው ምሰሶ ላይ ሰቅለውት ለእንግዳ ያሳያሉ። ብስክሌቱን ለማን እንደ ሰጠው አላውቅም። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት። «አባት ሆነው አሳድገውናል ሌሊሴ። በሕይወታቸው የሚኮሩበት አንድ ነገር ቢኖር ምርጫቸው ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ልንጠቃቸው?» አለኝና ከረጢቱን አንስቶ ወጣ። ከደጅ ሲያስል ተሰማኝ።

መስከረም ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ስል ሻንጣ ለመግዛት ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ቀጭኑ ፓምፕ ከነጋዜጣው መደርደሪያው ላይ ነበር። ጋሽ ከድር እያየሁት መሆኑን አዩ።

«አልሸጥኩትም» አሉ። «በውድድሩ ዋዜማ ጠርቼው ነበር። በነጻ ውሰደው፣ ሸሚዝህ ውስጥ ደብቀው፣ መንገድ ላይ ማንም አያይህም አልኩት። እምቢ አለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ኤሱማ አንዱን መርቀውልኛል፤ ሌላ ከያዝኩ ምርቃቱን ጠረጠርኩ ማለት ነው አለ።» ጋሽ ከድር ዓይናቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ወላሂ ልጄ፣ በግድ መስጠት ነበረብኝ።»

ኤሱማ ዲንሳም መኪናው ድረስ ሊሸኙኝ መጥተው ነበር። ቱፍ፣ ቱፍ ብለው መረቁኝና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የወንድምሽን እግር አልወረስሽም፣ እግዜር ይመስገን። ፓምፑስ ደህና ነበር፤ እግሩ ነው የከዳው» አሉኝ። «አዎ ኤሱማ» አልኩ። ሌላ ምን ልል እችል ነበር? ቶለራ ያን ያህል ዋጋ የከፈለበትን ቃል እኔ በመኪና ደጃፍ ላይ ልሽረው?

እዚህ በመጣሁ በጥቂት ሳምንታት የፊዚክስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ስለ ግፊት ጻፉ። ያው ኃይል በጠባብ ስፍራ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይበረታል፣ በሰፊ ስፍራ ላይ ሲያርፍ ይደክማል። ክፍሉ ሁሉ ጻፈ። እኔም ጻፍኩ፤ ከዚያ ግን ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። የሰው ክንድ ጉልበቱ ያው ነው። የፓምፑ አንገት በወፈረ ቁጥር የክንዱ ግፊት ያንሳል። ለበሬ እውነት የሆነው ለፓምፕ ውሸት ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በመካከላችን ነበር፤ እሱም እያወቀ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

አንዳንድ ጠዋት የብስክሌት ቡድኖች በግቢያችን በር በኩል በአስፋልቱ ላይ ያልፋሉ። ቀጫጭኑ ጎማ አስፋልት ላይ ሲሄድ ይዘምራል። ያን ድምፅ ስሰማ መንገድ እቀይራለሁ።

ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ የሚያስደስታችሁን መልስ ለመስጠት ብዙ ሞክሬያለሁ። ሽማግሌን አታክብሩ አልልም፤ ከኤሱማ ዲንሳ እጅ በልቼ ነው ያደግሁት። ወንድሜ ሞኝ ነበር አልልም፤ ከእሱ የሚበልጥ ሰው አላውቅም። ዱሮ ግን ክብርና እውነት አንድ መንገድ ላይ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። በደግ ሰዎች መካከል፣ በምርቃት መካከል፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ የአንድ ሰው ሕይወት እንዲህ ሊተነፍስ እንደሚችል አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ማንንም አልጠቀመም።

በዚህ ሳምንት ከነቀምቴ የመጣ ሾፌር የእናቴን መልእክት አድርሶልኛል። ቶለራ ከአልጋ መነሳት አቅቶታል። ኤሱማ ዲንሳ ከጉቶ ጊዳ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ አለኝ። ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ «በሽታው ከእግሩ ነው የጀመረው፤ ያኔ በውድድሩ ጊዜም እግሩ ደክሞት ነበር» ይላሉ፤ ቶለራም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማላቸዋል አለኝ።

ይህን ለእናንተ ስጽፍ ፈርቼ ነው። ኤሱማ ዲንሳ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም፤ እናቴም አትችልም። ይህ ጽሑፍ እጃቸው ቢገባ ሊያነብላቸው የሚችል በዚያ ቤት ያለ ሰው ቶለራ ብቻ ነው።

እሱ ደግሞ አያነብላቸውም።